መምህርት ኮከብ ያልዘራችው ቆስጣ

የመምህርት ኮከብ ሬሳ የተገኘው ሰኞ ጠዋት ነው። ደባርቅ ጫፍ ላይ ካለው ቤቷ ጓሮ በታች፣ ጉሙ ገና ያልለቀቀው ገደል ሥር ወድቃ ነበር። ሬሳው ሲነሳ አንዲት ሴት «ባሏ ወሰዳት» አለች፤ ማንም አልተቃወማትም።

ባሏ መንግስቴ የፓርክ ስካውት፣ የዱር እንስሳ ጠባቂ ነበር። አምና ፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንቃ በር ካምፕ አለፍ ብሎ ከገደል ወድቆ ሞተ። ኮከብ በመጨረሻዎቹ ቀናት ጓሮዋ መሀል ቆማ ከእሱ ጋር ስታወራ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ትናገራለች፣ መልስ እንደሚሰማ ሰው ዝም ትላለች፣ ከዚያ ትስቃለች።

ኢንስፔክተር ሱልጣና ሬሳው አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆመች። ከሁለት ሳምንት በፊት ኮከብ «የባሌ አሟሟት እንደገና ይመርመርልኝ» የሚል ማመልከቻ በእጇ ሰጥታት ነበር። ሱልጣና ጥቂት ቀን ይዛው ቆየችና «አእምሮዋ ተነክቷል» ሲባል መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ማመልከቻው አሁንም እዚያው ነው።

ወደ ጓሮው ወጣች። ኮከብ ጎንደር ከተማ ያደገች ናት፤ ባሏ እስኪሞት ድረስ መሬት ቆፍራ አታውቅም። ሐዘኑ ሲበረታባት ነበር መትከል የጀመረችው። መደቡ ዳር የተገኘው ደብተሯ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ካሮቴ ለምን ሁለት እግር አወጣ?»

«የጥቅል ጎመኑ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ውሃ አበዛሁ ወይስ አሳነስኩ?»

«አረሙን ከአትክልቱ በምን እለያለሁ?»

ለመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች በቀይ እስክሪብቶ መልስ ተጽፎላቸዋል። ለኋለኞቹ ግን የለም። ወደ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ከቆስጣው አጠገብ ያልዘራሁት በቀለ። ልነቅለው ስል ቆስጣ ነው፣ ተይው ተባልኩ።» ማን እንዳላት አልጻፈችም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፊደሉ ተንጋድዷል፦ «ሐሙስ። ቆስጣውን ቀቅዬ በላሁ። አፌ ደርቋል፤ ጽሑፉ ይደበዝዝብኛል። መንግስቴ አጥሩ ሥር ቆሟል።»

ሱልጣና አጥሩን ቀና ብላ አየች። ጉም ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሰልሰቢልን ነው፤ አጥር የምትጋራ ጎረቤት፣ በገበያ የአትክልት ዘር የምትሸጥ።

«ዘሩን የሸጥሽላት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ከዚያው ዘር እኔም ጓሮ አለ፤ ልጆቼ ይበሉታል። መጥተው ይዩ።»

«ብቻዋን ማውራት የጀመረችው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ከቀትር በኋላ። ረቡዕ እኮ ልቧ ደህና ነበር! ልጄን ሒሳብ ስታስጠና ነው የዋለችው።»

ቀጥሎ የመጣው ቀይ እስክሪብቶ የእሱ የሆነው የግብርና ባለሙያ አለምነህ ነበር።

«ተይው ያልኳት እኔ አይደለሁም» አለ ደብተሩን አገላብጦ። «አምስት ሳምንት ሙሉ መካነ ብርሃን ለሥራ ነበርኩ። ይሄን ገጽ ዛሬ ማየቴ ነው።»

የመንግስቴ ታናሽ ወንድም ገዱ ለቱሪስት ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎች አሉት። ፊቱ በለቅሶ ቀልቷል።

«ጓሮዋን ታውቀዋለህ?» አለችው ሱልጣና።

«ኧረ እኔ ከበቅሎ በቀር የማውቀው የለኝም፣ ኢንስፔክተር። አትክልት ምኑም አይገባኝ።»

ሱልጣና ጎንበስ ብላ አንድ ነጭ ሽንኩርት ልትነቅል ያዘች።

«ይተውት፣ ገና ነው!» አለ ገዱ ሳያስበው። «አንገቱ ሳይተኛ አይነቀልም።»

እሷም ተወችው።

ሦስቱም ከሄዱ በኋላ ቆስጣው ዘንድ ተቀመጠች። የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ሾልከው ቅጠሉን ወንፊት አስመስለውታል። አጠገቡ ካለው ረድፍ ግን አንድም ቅጠል አልተነካም። አንዱን ቆርጣ በጣቷ አሸችው፤ ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጠው። ዳባት ላይ እናቷ በልጅነቷ «እንዳትነኪው» ያለቻት ተክል ነበር። ከነሥሩ ስትነቅለው፣ በቀዩ የጓሮ አፈር መሀል ሥሩን ያቀፈ ጥቁር ጓል ወጣ። በውስጡ ገለባ አለበት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሦስቱን እዚያው ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ኮከብን መንፈስ አልወሰዳትም» አለች። «ይሄ አስተናግር ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ የበላው ሰው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ኮከብ አረምና አትክልት ገና አልለየችም ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ከቆስጣው ጋር እየቀላቀለች በላችው። ባሏን አየችው፤ አጥሩን አልፎ ሲሄድ ተከተለችው።»

ሰልሰቢል ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አረም ይሆናላ፣ ራሱ የበቀለ» አለ ገዱ።

«አረም በረድፍ አይበቅልም። ሌላውን መደብ እዩ፤ ኮከብ ሁሉንም አጨናንቃ ነው የተከለችው። ይሄ ግን እኩል እኩል ተራርቋል፤ የለመደ እጅ ነው። ሥሩ ላይ ያለው ደግሞ የዚህ ጓሮ አፈር አይደለም፣ የበቅሎ ፍግ ነው። አትክልት አይገባኝም ያለኝ ሰው ነጭ ሽንኩርት መቼ እንደሚነቀል አስተማረኝ፤ ‹ቆስጣ ነው፣ ተይው› ያላትም እሱ ነው።»

አለምነህ ወደ ገዱ ዞረ። «ካምፑ ላይ ለእንግዶች ጓሮ ያለማህ አልነበር እንዴ? ችግኝ ሰጥቼህ አውቃለሁ።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው ቢባል እንኳ» አለች ሱልጣና፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ያለፈው ማክሰኞስ? የዛሬ ሳምንት ቢሮዬ መጥተህ ይቅርታ ጠየቅኸኝ። የወንድሜ ሚስት አብዳለች፣ ከሙት ጋር ታወራለች፣ ማመልከቻዋን አትስሙት አልክ። እኔም አመንኩህ፤ ይህን ዕዳ ተሸክሜው እኖራለሁ። ኮከብ ግን ማውራት የጀመረችው ሐሙስ ነው። ሁለት ቀን አስቀድመህ እንዴት አወቅህ?»

ከገደሉ በኩል ነፋስ መጣ።

«እኔ አልነካኋትም» አለ ገዱ። «ሰው እንዳያምናት ብዬ ነው እንጂ እንድትሞት አልነበረም!»

«መንግስቴንስ?»

«ለዋልያ ወጥመድ ሳጠምድ ያዘኝ። ወንድምም ብትሆን እከስስሃለሁ አለ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ቀረቡ። ገዱ እጁን ለካቴና ዘረጋ፤ ዓይኑ ግን ሰልሰቢል ላይ ነበር።

«አንቺ እሷ ስታወራ ሰምተሻታል» አላት። «ወንድሜ ስለ እኔ ምን አላት?»

ሰልሰቢል መመለስ አልፈለገችም። ሱልጣናን አየቻት።

«እሑድ አጥሩ ላይ አግኝቼ፣ ምን ይልሻል ብያት ነበር» አለች በመጨረሻ። «‹ገዱ ውጭ ቆሟል፣ ብርድ ነው፣ አስገቢው ይለኛል› አለችኝ።»

ገዱ ቁጭ አለ። ሁለቱ ፖሊሶች በብብቱ ገብተው እስኪያነሱት ድረስ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ።