ብርሃን የነካው ኮክ

ልጆቼ፣ ይህን የማወራችሁ ማንንም ለማሳጣት አይደለም። እቴነሽ ራሷ «ይንገሩልኝ፤ በሌላ ሰው እንዳይደርስ» ብላኛለች።

እቴነሽ በደብረ ታቦር ገበያ ኮክ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አለፋት። ኮኩን ከጋፋት ገበሬዎች ትቀበላለች፤ ከዚያ እንዲያብረቀርቅ ብላ ከገበያው ሥር በሚወርደው ቦይ ጨርቅ ነክራ ትወለውለዋለች። ሁላችንም የገበያው ሰዎች ስናየው የኖርነው ልማድ ነው።

አምና የሻጮች ማኅበር ሳጥን የመሰለ መሣሪያ አገኘ። ውስጡ አልትራቫዮሌት የሚባል ብርሃን የሚሰጥ አምፖል አለ፤ የሚሸጠውን ፍሬ ከትተው ያበሩበታል። የምታሠራው የነጋዴው የሸሪፍ ልጅ ሙኒራ ናት፤ ስለ ምግብ ተምራ የመጣች ልጅ።

«ይኸ ጨረር አይመርዝም?» አላት ካሮት ሻጩ አያሌው።

«አይመርዝም፣ ጋሽ አያሌው። ኮኩ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ልጣጩ ላይ ያለውን ጀርም ነው የሚገድል።»

«ቫይታሚኑንስ አይበላብንም?»

«በልኩ ከሆነ ብዙም አይነካው። ከልክ ካለፈ ግን ልጣጩ ይቃጠላል። ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ሲበራ እንዳትከፍቱት።» ከዚያ ወደ እቴነሽ ዞረች። «እማማ፣ ብርሃኑ ያረፈበትን ብቻ ነው የሚያጸዳ። ከወጣ በኋላ ቆሻሻ ከነካው መልሶ ይቆሽሻል። የሚበላውም ሰው በንጹሕ ውሃ ይጠበው።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ጠበል የተረጨ ቤት ርኩስ መንፈስ ይመለስበታል? ይኸም አንዴ ከጸዳ ጸዳ።»

«እንግዲያው እኔንም ሳጥኑ ውስጥ ክተቱኝ» አለ አያሌው፤ «ሚስቴ ገላህን ታጠብ እያለች ሰላም ነሥታኛለች።» ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

እቴነሽ ኮኩን ከሳጥኑ አውጥታ እንደ ልማዷ በዚያው ጨርቅ ወለወለችው። ለገዢውም «ብርሃን የነካው ነው፣ መታጠብ አያሻውም» ትል ጀመር።

ልጇ ትዝታ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ስምንት ዓመት ተለምኖ የተገኘ ጽንስ ነው። ኮክ አማራትና እናቷ ዘንድ መጣች።

«ልጠበው እማዬ?»

«ብይ! ብርሃን ነክቶታል።»

አምስት ስድስት በላች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ጣላት። ታይፎይድ ነው፣ ከቆሻሻ ውሃ የሚመጣ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከእቴነሽ የገዙ ሦስት ሰዎችም በዚሁ ተኝተው ነበር። ትዝታን አተረፏት፤ ጽንሱን ግን አልቻሉም። ሴት ነበረች። ክርስትና ስላልተነሣች ፍትሐት የለም፤ የሕፃኗ አባት በነጠላ ጠቅልሎ ብቻውን ቀበራት።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። «ጽንሱን የገደለ ጨረሩ ነው!» ብሎ ጮኸ አያሌው። «ሳጥኑ ይሰበር! ልጅቷም ከገበያችን ትውጣ!» ብዙው ሰው «ልክ ነው» አለ። ሙኒራ ጥግ ቆማ ታለቅሳለች። ሸሪፍ የልጁን እጅ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል።

እቴነሽ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። ግን ተነሣች።

«ሳጥኑን ተዉት። ጸድቶ የወጣውን ኮክ መልሼ የቦይ ውሃ የቀባሁት እኔ ነኝ። ከላይ ከብት ይጠጣበታል፣ ሰው ይጸዳዳበታል፤ አውቃለሁ። ይቺ ልጅ ነግራኝ ስቄባታለሁ። ልጄ ልጠበው ስትለኝ፣ ብይ ያልኋት እኔ ነኝ።»

አያሌው ኮፍያውን አውልቆ ቁጭ አለ። እሱም ካሮቱን በዚያው ቦይ ነው የሚያጥበው።

ልጆቼ፣ ያ ብርሃን መርዝ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። የራሱን ሥራ ይሠራል፣ የእኛን ሥራ ግን አይሠራልንም። የበሰበሰውን ጤነኛ አያደርግም፤ በቆሸሸ እጅና በቆሸሸ ጨርቅ የነካነውንም አይጠብቅልንም። የምትሸጡ፣ የቦይ ውሃ አታስነኩ። የምትበሉ፣ ምንም ቢሏችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። የተማረ ልጅ ሲመክራችሁም አትሣቁበት፤ እኛ ስቀን ያየነውን አይተናል።

እቴነሽ ዛሬ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ከጎኗ አኑራ ትሸጣለች፤ ገዢውን ሁሉ «ሳታጥቡ እንዳትበሉ» ትላለች። ትዝታ ከሕመሟ ተነሥታለች። እናቷ እሑድ እሑድ ደጇ ድረስ ሄዳ ትቆማለች። ትዝታ ግን እስካሁን «ግቢ» አላለቻትም።