ውሃ የሆነው ሽቶ

«ዛሬ ምስክሬ አንቺ ነሽ!» አለች አክስቷ፣ የፀጉር ቤቷን በር በጉልበቷ ገፍታ እየዘጋች። በአንድ እጇ የሽቶ ጠርሙስ፣ በሌላው የልጅቷን ክንድ ጨብጣለች። «ያ ሽቶ ሻጭ ሽማግሌ ዓይኑን በጨው አጥቦ ውሃ ሲሸጥልኝ ዝም የምል መስሎታል? ፊት ለፊቱ አሽትተሽ ትናገሪያለሽ። አበቃ!»

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «አነፍናፊ» ነው የሚሏት። በር ላይ እንደቆመች ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማን መጥቶ እንደሄደ፣ የማን ካልሲ አልጋ ሥር እንደተረሳ ትናገራለች። አክስቷ ለምስክርነት የመረጠቻትም ለዚሁ ነው። ችግሩ፣ ምስክሯ ራሷ ውሸታም መሆኗ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። አክስቷን ከባድ ጉንፋን ያዛትና ከእሷ ወደ ልጅቷ ተጋባ። አክስቷ ተሽሏት ሥራ በገባች በማግስቱ ጠዋት፣ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ጠራቻትና ሽቶ የረጨችበትን የእጇን አንጓ አፍንጫዋ ላይ ደቀነችባት።

«ይሸታል?»

የልጅቷ አፍንጫ ድፍን እንዳለ ነበር፤ ደወሉም ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። «ብዙም» ብላ ሮጠች። የዚያን ቀን እውነቷን ነው። በሳምንቱ አፍንጫዋ ሲከፈት ግን ሽቶው ገና ከመንገዱ ማዶ ተቀበላት። አክስቷ «አሁንም ብዙም፣ አይደል?» ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ጉጉት አንጀት ይበላል፤ ደግሞም ከአክስቷ ጋር አልስማማም ማለት ግማሽ ቀን መከራከር ማለት ነው። «አዎ፣ ብዙም» አለቻት። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ቃሉ መመለሻ አጣ።

ሁለቴ ይረጭ የነበረው ሽቶ አራቴ ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ደንበኞች መቅረት ጀመሩ። አንዷ ራሴን አመመኝ አለች፣ ሌላዋ ሳል አለብኝ አለች፣ ሦስተኛዋ ጨርሶ ፀጉሯን በአጭሩ ተቆረጠች። ያልቀረችው ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ባንክ ሠራተኛ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን በዚያ ብርድ መስኮቱን በርግዳ፣ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን እንዲያውም ንብ ገብታ አክስቷን ስትዞራት ዋለች። ልጅቷም ጠዋት ጠዋት ሽታውን በዩኒፎርሟ ይዛ ክፍል ስለምትገባ፣ የወንበር ጓደኛዋ ሙድ ትይዝባታለች። «ዛሬም አበባ ላይ ነው ያደርሽው?»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የባሰው መጣ። ልጅቷ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አክስቷ የባንክ ሠራተኛዋን ፀጉር እየተኮሰች መሐል ላይ ወሬ ያዘችና የጋለውን የፀጉር መተኮሻ ፒያስትራ ፎጣ ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይቶ ቤቱን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሞላው።

«እቴቴ፣ እሳት!» ብላ ልጅቷ ዘለለች። ባንክ ሠራተኛዋም ገና ያልተፈቱትን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቿን እንዳንጠለጠለች ተነሣች።

አክስቷ ከፎጣው አንድ ክንድ ርቃ ቆማ ነበር። ግራ ተጋብታ አየቻቸው። «የምን እሳት?» አለች። ጭሱን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅቷ ክው አለች። ሦስት ወር ሙሉ ያልገባት ነገር ያን ጊዜ ገባት። የሽቶው ነገር አልነበረም። አክስቷ ምንም ነገር አይሸታትም።

አክስቷ ፎጣውን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ሽታውን ለማጥፋት ሽቶዋን አየሩ ላይ ደጋግማ ነፋች። አሸተተች። ምንም። እንደገና ነፋች። ባንክ ሠራተኛዋ እያሳለች «ኧረ በቃሽ፣ እህቴ» አለቻት። «አያችሁ?» አለች አክስቷ፣ «የተቃጠለ ፎጣ እንኳን መሸፈን ያልቻለ ሽቶ!» የባንክ ሠራተኛዋን ፀጉር እንደምንም አጣድፋ ጨርሳ ሸኘቻትና ጠርሙሱን አንሥታ ተነሣች። እነሆ አሁን መንገድ ላይ ናቸው።

ሱቁ ሦስት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ልጅቷ በየእርምጃው አፏን ከፈተች፣ በየእርምጃው ዘጋችው።

«እቴቴ...»

«ምንድን ነው?»

«ምንም። ጫማሽ ተፈቷል ልልሽ ነው።»

«ጫማዬ ማሰሪያ የለውም!»

የሽቶ ሱቁ ጠባብ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ቤት ነው። ሽቶ ሻጩ ሽበታም፣ ክራባት የማይለያቸው ሰው ሲሆኑ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሁለት ሴቶች ከንፈር ቀለም ይመርጣሉ። አክስቷ ሰላምታ እንኳን ሳትሰጥ ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ እኔ እንደ አባቴ ነበር የማይዎት። እርስዎ ግን ሽቶውን በውሃ እያቀጠኑ ይሸጡልኛል!»

ከንፈር ቀለም የሚመርጡት ሴቶች እጃቸውን ሰበሰቡ። የሽማግሌው ጆሮ ቀላ።

«እኔ? ውሃ? ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቶ ሸጫለሁ። ከዚህ ቤት ውሃ ወጥቶ የሚያውቀው ለተጠማ ሰው ነው፤ እሱም በነፃ!» ከመደርደሪያው አዲስ ካርቶን አወረዱና ዙሪያውን አሳዩአት። «ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ይኸው፣ አሁን ዓይንሽ እያየ እከፍተዋለሁ።» ጠርሙሱን አወጡ፣ ቀጭን ወረቀት ላይ አንዴ ረጩና አቀበሏት።

ሽታው ሱቁን ሞላው። ጣፋጭ ነው፤ ከጣፋጩ ሥር ደግሞ ነጭ አበባ፣ ዝናብ አባርቶ አጥር ላይ ሲፈነዳ የሚሸተው ዓይነት። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ፣ ሲያምር!» አለች።

አክስቷ ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ በረዥሙ ሳበች። «ይኸው!» አለች በድል ድምፅ። «ባዶ ወረቀት!»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አንደኛዋ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ሽቶ ሻጩ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። አክስቷን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ። ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ ልጅቷ አየች። ገብቷቸዋል።

«ምስክር ይዤ ነው የመጣሁት» አለች አክስቷ፣ ልጅቷን ወደ ፊት እየገፋች። «ይቺ ልጅ ስታሸት አትሳሳትም። በይ ንገሪያቸው። ይሸታል አይሸትም?»

አይሸትም ብትል፣ ምንም ያላጠፉ ሰውዬ በደንበኞቻቸው ፊት ሌባ ይባላሉ። ይሸታል ብትል፣ አክስቷ እዚሁ የሰው መሳቂያ ትሆናለች፤ ያውም በእሷ ውሸት።

«እዚህ... እዚህ ሽቶው ሁሉ ተቀላቅሎብኛል» አለች በመጨረሻ። «ደጅ ወጥቼ ልፍረድ። እቴቴም ትምጣ።»

ሽቶ ሻጩ ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅቷ ሥራውን ታውቃለች። ሽቶ ንጹሕ አየር ላይ ነው የሚፈረደው። ሂዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

ደጅ፣ ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለቻት እንጂ ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችውም።

«ይሸታል፣ እቴቴ» አለች መሬት መሬት እያየች። «በጣም ይሸታል። ያም ጠርሙስ ይሸታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሸት ነበር። ዋሸሁሽ። እንዳልከራከርሽ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

ብስክሌት አለፈ። አንዲት ሴትዮ ከፎቅ ምንጣፍ አራገፈች።

«ፎጣውም ይሸት ነበር?» አለች ቆይታ፣ ቀስ ብላ።

«ፎጣውም።»

«ለካ እሱ ነው።» አክስቷ ጠርሙሷን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። «ሳሙናው፣ ምግቡ፣ ሁሉም ካርቶን ካርቶን ይለኛል። ጉንፋኑ ጨርሶ ያለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ደግሞ... ፈራሁ መሰለኝ። የፀጉር ቀለም ሲበላሽ በጠረኑ ነው የማውቀው። ፀጉር ሊቃጠል ሲል በጠረኑ ነው የማውቀው። ማሽተት ያቃታት ፀጉር ሠሪ ምን ትሠራለች? እና ሽቶው ነው አልኩ። ሽቶው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ልጅቷ የአክስቷ ዓይን እንባ ሲያቀር አየች። እጇን ያዘቻት። አክስቷ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገችና ድንገት ቀና አለች።

«ቆይ፣ ስንት ጊዜ ነበር የምረጨው?»

«ዛሬ ጠዋት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ከፎጣው በፊት ነው በኋላ?»

«አንቺ ልጅ!»

«ከፎጣው በፊት አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ!» አክስቷ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ለዚህ ነዋ ያቺ ምስኪን በዚህ ብርድ መስኮት የምትከፍተው! እኔ እኮ የጤና ችግር አለባት ብዬ ስጸልይላት ነበር!» ከዚያ ሳቋ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በሙሉ ሆዷ። ልጅቷም ተከተለቻት። «ንቧስ!» አለች ልጅቷ። «ንቧ!» አለች አክስቷ ጭኗን እየመታች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ አፍንጫም ይኸው ከዘመድነት ወጣ!»

ሳቁ ሲበርድ የልጅቷን ጆሮ ያዘችና በቀስታ ጠመዘዘችው። «ሦስት ወር ሙሉ! ሁለተኛ ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳትዋሺኝ። ከተቆጣሁም ልቆጣ።»

«እሺ።»

አክስቷ ቀሚሷን አራግፋ ብቻዋን ወደ ሱቁ ገባች። ልጅቷ በመስታወቱ ታያለች። አክስቷ ሁለቱ ሴቶች እስኪሄዱ አልጠበቀችም። «ጋሼ፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ እንጂ ሽቶው አልተበላሸም። ይቅርታ» ስትል ድምጿ እስከ ደጅ ተሰማ። ከንፈሯን ነክሳ የነበረችው ሴት አሁን ጫማዋን ታያለች። ሽቶ ሻጩ የአክስቷን ትከሻ ነካ አድርገው አንድ ሁለት ቃል ተናገሩና እስከ በሩ ሸኟት።

«ሰኞ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ» ይሉ ነበር። «እኔም አንድ ጊዜ ማሽተት ጠፍቶብኝ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ጠርሙሱን በመልኩ ነው የሸጥኩት። እንዳትነግሪብኝ።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺም ዳኛዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሽቶ በወረቀት አይፈረድም። ቆዳ ላይ ውሎ ነው።»

ፀጉር ቤቱ ሲመለሱ አክስቷ ጠርሙሱን ለልጅቷ ዘረጋችላት። «ውሰጂው። የማይሸተኝ ነገር ምን ያደርግልኛል?»

ልጅቷ ተቀበለች፤ ግን ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም። የአክስቷን እጅ ስባ አንጓዋ ላይ አንዴ፣ በሌላው አንጓ ላይ አንዴ ረጨች። «ሁለት። በቃ። እኛ እኮ መምጣትሽን የምናውቀው በእሱ ነው።»

አክስቷ እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ከልማድ ይሆናል። ከዚያ እጇን ወደ ልጅቷ አስጠጋች። «በይ እንግዲህ ንገሪኝ። እውነቱን።»

ልጅቷ አሸተተች። «እውነቱን? መጀመሪያ ላይ ጣፋጩ ይበዛል። ከረሜላ ተፈትቶ አፍንጫሽ ላይ እንደተለጠፈ ነገር ነው። እኔ አልወደውም።»

«ይበዛል!» አለች አክስቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ፈገግ እያለች። «እኔም አልወደውም ነበር። ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ አበባው ይመጣል። ነጩ።»

«ነጩ። እህ። ከዚያ ማታ አካባቢ፣ ጣፋጩ ሁሉ ሄዶ ሲያበቃ፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ንጹሕ ልብስ ይሆናል። ይህን ቤት የከፈትኩ ቀን ማታ እንደዚያ ሲሸተኝ ነው የወደድኩት። አይደል እንዴ?»

ልጅቷ አንጓውን እንደገና አሸተተች። ጠዋት ጠዋት እየሮጠች ስታልፍ ነው የምታሸተው፤ ማታውን አታውቀውም። አዎ ብትላት አክስቷ ደስ ይላታል። አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«አላውቅም» አለች።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የወንበር ጓደኛዋ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ እነሱ ቤት ፊልም ሊያዩ ተቀጣጥረዋል፤ ሰዓቱ ደርሷል። «የት ነሽ? ልንጀምር ነው» ይላል መልእክቱ።

ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ በገዛ አንጓዋ ላይ ሁለቴ ረጨች። ከረሜላው አፍንጫዋ ላይ ተለጠፈ። ፊቷን አጨማደደችና በሌላው እጇ ጻፈች፦ «ዛሬ አልችልም። እስከ ማታ የማሸተው ነገር አለ።» ከዚያ የቤት ሥራ ደብተሯን አውጥታ፣ ባንክ ሠራተኛዋ የከፈተችውን መስኮት ዘግታ፣ ከካስኩ ሥር ተመቻችታ ተቀመጠች።