የለቃሚዋ ፉከራ

ሻምበል ናሁሰናይ ከምሳ በፊት ሁለት ጊዜ ሞቶ ሻይ አዘዘ።

በጨው ሜዳ ምሽግ ሞት እንዲህ ቀላል ነው። ተዋጊው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም ይልና ቆቡን ያጠልቃል፤ ውጭ የሚዋጋለት ወኪሉ ነው። ወኪል ማለት ተዋጊው በሐሳቡ የሚያንቀሳቅሰው የብረት ገላ ነው። ወኪሉ ሲመታ ተዋጊው ይነቃል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ይፎክራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሜዳሊያ ይደረግለታል።

የወደቀውን ወኪል የሚያነሣው ግን ሌላ ሰው ነው። አየሩ መርዝ፣ ሜዳው ምጣድ ሆኖ፣ በገዛ እግራቸው የሚወጡት ለቃሚዎችና የውሃ ቦቴ ሹፌሮች ብቻ ናቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከነሱ ውጭ ፀሐይ የነካው ሰው ምሽጉ ውስጥ የለም። ሆኖም የሚበሉት ተዋጊዎቹ በልተው ሲነሡ ነው። የሚገቡት በኋላ በር ነው። በዋናው በር ፊት ለፊት የተሰመረችውን ቢጫ መስመር እንኳ አያልፉም፤ ከመስመሩ ወዲያ የተዋጊ ቦታ ነው። ዋናውን በር የሚጠብቀው የምሽጉ መሥራቾች የተከሉት አሳቢ ማሽን ነው፤ ሁሉም በረኛው ይሉታል። በረኛው የሚከፍተው ፉከራው ለተመዘገበለት ሰው ነው። የለቃሚ ፉከራ ደግሞ ማን ሰምቶ ያውቃል።

አንድ ጊዜ ተሰምቶ ነበር። ባለፈው የድል ግብዣ ላይ አንጓች የምትባል ለቃሚ ሞቅ ብሏት ብድግ አለችና "ዘራፍ" አለች። ናሁሰናይ አላስጨረሳትም። "ምን ገድለሽ ነው ደግሞ? ብሎን?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንጓች ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም።

ሻምበሉ ያዘዘው ሻይ ሳይመጣለት ምሽጉ ተናወጠ። መብራቱ ጠፍቶ ተመለሰ። የጠላት ሚሳይል የኋላውን በር አጣሞ ዘግቶት ነበር።

"ውጭ ሰው አለ?" አለ ናሁሰናይ ከአልጋው እየዘለለ።

"አንጓች አለች" አሉት የቦቴው ሹፌር ጋሽ ወልዱ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። "የርስዎን ወኪል ልታነሣ ወጥታ ነው ሻምበል። ጭምብሏ ውስጥ ያለው አየር ብዙ አያቆያትም።"

ተዋጊዎቹ ተከታትለው ወደ ዋናው በር ሮጡ። በወፍራሙ መስታወት በኩል አንጓች ትታያለች፤ መኪናዋን አቁማ በሩን በመዳፏ ትመታለች።

"ክፈት" አለ ናሁሰናይ።

"አልችልም" አለ በረኛው፣ በለዘበ ድምፅ። "ፍንዳታው መዝገቤን አጥፍቶታል። ያለኝ የመሥራቾቼ ሕግ ብቻ ነው። የምትገባዋ ትፎክር። በአካል ተገኝቶ ያያት ይመስክርላት።"

"እኔ የምሽጉ አዛዥ ነኝ።"

"መሥራቾቼ ለአዛዥ ክፈት አላሉኝም።"

ናሁሰናይ ሬዲዮውን አነሣ። "አንጓች፣ ፎክሪ። አሁኑኑ።"

ከሬዲዮው ደረቅ ድምፅ መጣ፣ "ምን ገድዬ? ብሎን?"

ተዋጊዎቹ ሁሉ ሰሙ። የናሁሰናይ ፊት በእፍረት ተቃጠለ። "በድዬሻለሁ" አለ። "ግቢና የፈለግሽውን በይኝ። አሁን ግን እለምንሻለሁ።"

"እኔ የሚያስፎክር ሥራ የለኝም ሻምበል። የወደቀ ነው የማነሣው።" ሳል አቋረጣት።

ጋሽ ወልዱ ከቢጫው መስመር ኋላ ሆነው ጮኹ፤ ድምፃቸው በሬዲዮው ገባ። "አንቺ ልጅ፣ የምን ኩርፊያ ነው በዚህ ሰዓት? እልህ ካለሽ ገብተሽ ተወጪው።"

አንጓች መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ያለቀሰች መሰለ። ቀጥሎ፣ ቀስ ብላ፦

"ዘራፍ የይርዳው ልጅ ለቃሚ፣
የወደቀ ብረት ተሸካሚ፤
ጀግናው ካልጋው ሳይነሣ፣
አንሺ የብረቱን ሬሳ።"

የሳቀ አልነበረም።

"ማን አያት?" አለ በረኛው።

"እኔ" አለ ናሁሰናይ። "ስንት ጊዜ ወኪሌን ስታነሣ አይቻታለሁ።"

"በምን ዓይን?"

"በወኪሌ።"

"ገላህ የት ነበር?"

"አልጋ ላይ።"

"እንግዲያው አላየሃትም።"

ሌሎቹም ተራ በተራ ቀረቡ። ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው ሆነ። መሥራቾቹ በገዛ ገላቸው የተዋጉ ሰዎች ነበሩ፤ ያኔ ወኪል የሚባል ነገር አልነበረም። ውጭ አንጓች በጉልበቷ ተንበርክካለች። እጇ በሩን መምታት አቁሟል።

ናሁሰናይ ዘወር ሲል ጋሽ ወልዱን አያቸው። ከመስመሩ ኋላ ቆመው ወደ በሩ ይንጠራራሉ፤ እግራቸው ግን አልተነቃነቀም። ስንት ዘመን የለመደ እግር ነው። ሄዶ ክንዳቸውን ያዘና ጎትቶ አሻገራቸው።

"እኔ አይቻታለሁ" አሉ ጋሽ ወልዱ። "አምና አብሬያት ወጥቼ ነበር። ወኪሉ ሲጋይ እሷ ወዲህ፣ እኔ ወዲያ ይዘን ነው የጫንነው።" እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ተቃጥሎ የሻረ ነው።

"ይገባታል" አለ በረኛው፣ በሩም ተከፈተ።

አንጓች ዳነች። የኋላው በር ተጠገነ፤ የበረኛውን ሕግ መቀየር የቻለ ግን አልተገኘም። አንድ ማታ ናሁሰናይ ማንም ሳያየው በሩ ፊት ቆመና ያንን ዝነኛ ፉከራውን አሰማ። በረኛው ጨዋ ነው፣ እስኪጨርስ ጠበቀው። "ማን አየህ?" አለው። ናሁሰናይ ሜዳሊያዎቹን ነካ አደረገና ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

በማግስቱ አንጓች መኪናዋን ስታሞቅ መጣ። ያጠለቀው የለቃሚ ጭምብል ሰፍቶት አገጩ ላይ ይወዛወዛል።

"ምን ፈልገው ነው ሻምበል?"

"የሚያየኝ ሰው።"

ትኩር ብላ አየችው። ልትስቅበት ትችል ነበር፤ ሙሉ መብት ነበራት። "ይግቡ" አለች። "ቀበቶዎን ይሰሩ። ጭምብሉንም ያጥብቁት፣ እንዲህ ከሆነ ይገድልዎታል።"

የኋላው በር ተከፈተ። ነጩ ሜዳ እየጨሰ ፊታቸው ተዘረጋ። ያን ሁሉ ጊዜ የሞተ ሰው ዛሬ ገና ፈራ፤ ያሰረውን ቀበቶ ደግሞ ደጋግሞ ሳበ።

አንጓች አየችው። ማርሽ አስገብታ ወጣች።