የሚሠራውን መንቀል

የጣቢያዋ ቴክኒሻን ሦስት ዓመት ሙሉ በፍተሻው ቅጽ ላይ «ተሞክሯል» ብላ ፈርማለች። አንድም ቀን ግን አልሞከረችም።

በውሃ ማከፋፈያ ጣቢያው ፓምፖቹን የሚያዙ ሁለት የመቆጣጠሪያ ሞጁሎች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው የሚሠራውን ሁሉ እየተከታተለ ይጠብቃል። የሚሠራው ቢበላሽ ተጠባባቂው ፓምፖቹ ሳይቆሙ ይረከባል ነው የሚባለው። በየስድስት ወሩ የሚሠራውን ነቅሎ ይህን ማረጋገጥ ደንብ ነው። እሷ ግን ከተማው ሁሉ ውሃ ቢያጣስ እያለች እጇ አይታዘዝላትም።

ምስጢሯን የሚያውቀው ኤሌክትሪሺያኑ ብቻ ነው። ተጠባባቂውን ሞጁል ከሦስት ዓመት በፊት እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ያመጣው እሱ ነበር። «ቀስ፣ እንዳይነቃ» ብላው ተሳሳቁ፤ በዚያው ተዋደዱ። ሁለት ጊዜ «እንጋባ» ብሏታል፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሷ አንድ ነበር፤ «አባዬን ለማን ጥዬ?»

የአባቷ አንድ ጎን አልታዘዝ ካለ አራት ዓመት ሆኖታል። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፤ ከዚያ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ታላቅ ወንድሟ እዚያው ቤት አለ፤ ማንኪያ ካነሳ ግን ከእጁ ትቀማዋለች። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ» ሲባል ሰምታለች፤ አንዷንም ሎሚ ግን አላቀበለችውም።

ሐሙስ ዕለት ኤሌክትሪሺያኑ የዝውውር ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ሰኞ እሄዳለሁ። ጠብቂኝ አልልሽም፤ እኔም መጠበቅ ደክሞኛል።»

ደብዳቤውን አየችው እንጂ አላነበበችውም።

«ወንድምሽስ?» አላት።

«ወንድም ጋሼ? እሱ የራሱን ካልሲ አያገኝም።»

«አንድ ቀን እንኳ ትተሽለት ታውቂያለሽ?»

ዓይኑ ወደ ሁለቱ ሞጁሎች ሄደ፤ የሷም ተከተለው።

«ቅጹ የሚሞላው ዛሬ ነው» አላት በቀስታ።

ብድግ አለች። የሚሠራውን ሞጁል ነቀለችው።

ፓምፖቹ ማጉረምረማቸውን አላቋረጡም። የተጠባባቂው ቢጫ መብራት አረንጓዴ ሆኗል፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። የነቀለችውን ታቅፋ ወንበር ላይ ዘፍ አለችና አለቀሰች። ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደፈራች ለራሷም አልገባትም። እሱ አላባበላትም፤ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሞጁሉን ወደ ቦታው መልሳ ስልኳን አነሳች። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ አመሻለሁ። የአባዬን እራት አንተ ስጣቸው። መድኃኒቱንም።»

ወንድሟ «እሺ» አላት።

ከሥራ ወጥተው መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስለ አዲሱ ጣቢያ ሲነግራት ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀሳትም።

ቤት ስትገባ ሾርባ ወለሉ ላይ ፈሷል፤ የአባቷ ሸሚዝ ተዛንፎ ተቆልፏል። አባቷ ግን በልተዋል። ወንድሟ ጋዜጣ ያነብላቸዋል።

«ጨው አብዝቶበታል» አሉ አባቷ፣ ግማሽ ፊታቸው እየሳቀ።

ጠርሙሶቹን አየች። «የትኛው መድኃኒት ስንት እንደሚሰጥ ማን ነገረህ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ስትሰጪያቸው ሳይ አልነበር እንዴ» አላት ወንድሟ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

ጓዳ ገብታ ደወለች።

«ሰኞ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሦስት።»

«አራት ዓመት ያልወሰድኩት ፈቃድ አለኝ» አለችው። «ሁለት ወንበር ያዝ።»