የተነጠቀው ፉከራ

በዘምራን ምድር አንድ ቀን ፀሐይ በቀትር አረጀች። ብርሃኗ ቀላ፣ ደበዘዘ፤ ዶሮዎች በጠራራ ቀን ቆጥ ላይ ወጡ። ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ሲሮጥ፣ ከመንግሥቱ ምሥረታ ጀምሮ በመቅረዙ ላይ ሲያበራ የኖረው ዕንቁ የለም። ጽልሙት ወስዶታል። ጽልሙት ክንፉ ተራራ የሚጋርድ፣ ትንፋሹ ድንጋይ የሚያከስል፣ እንደ ሰው የሚናገር አውሬ ነበር። ብርሃን ይበላል፤ የማለውን ግን አያፈርስም።

«ዕንቁውን የሚመልስልኝ ጀግና ማነው?» አሉ ንጉሥ አብዲሄል። ሁለት ጎልማሶች ብድግ አሉ፦ የጦር አበጋዙ ልጅ ቤርሳና፣ በዚያው ቤት ያደገው የሙት ልጅ ዮቅጣን።

አንድ ማዕድ ቢበሉም ዕድላቸው አንድ አልነበረም። ቤርሳ ሲያነጥስ ቤቱ ሁሉ «ይማርህ!» ይላል፤ ዮቅጣን ወባ ሲያንዘፈዝፈው «ተነሥ፣ አትለግም» ይባላል። ስለዚህ ዮቅጣን ከልጅነቱ ጀምሮ በቤርሳ ይቀና ነበር፤ በጫማው፣ በሳቁ፣ እናቱ ስሙን በምትጠራበት ድምፅ እንኳ ሳይቀር።

በዘምራን ሕግ ጀብዱ የሠራ ሰው በዙፋኑ ፊት ይፎክራል። ከፎከረ በኋላ የሥራው ክብርም የደም ዕዳውም የእርሱ ነው፤ ፉከራውን በንጉሡ ፊት ካልመለሰ በቀር ማንም አይወስድበትም። ዮቅጣን ወርቅም ሹመትም አልፈለገም። አንዲት ቀን ፎክሮ ሕዝብ ስሙን ሲጠራ መስማት ብቻ ነበር ምኞቱ።

ሁለቱ መስቀል ጨብጠው፣ «ብከዳህ ምድር ትክዳኝ!» ተባብለው ተማማሉ። በረሃውን አቋርጠው፣ የጭስ ሸለቆውን አልፈው፣ ጽልሙት ከሚተኛበት ጥልቅ ገደል ደረሱ። ዮቅጣን ቀላል ነበርና በገመድ ወረደ። ትንፋሹን ውጦ ዕንቁውን ከአውሬው ጉያ መነጨቀ፤ በገመዱም አስሮ ላከው።

«ጎትት ወንድሜ! ከዚያ ለእኔ መልስልኝ!»

ዕንቁው ወጣ። ተመልሶ የመጣው ግን የተቆረጠ ገመድ ነበር።

ጽልሙት ነቃ፤ ትንፋሹም የዮቅጣንን ግማሽ ፊት ለበለበው። ዮቅጣን እንደምንም ወደ ድንጋይ ስንጥቅ ተሽጎጠ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከቁስሉ ይልቅ የቤርሳ ነገር አቃጠለው። አሁን እየገሰገሰ ነው፤ አሁን እልል እየተባለለት ነው!

«ጌታ ሆይ፣ አንተም ተውኸኝ?» ብሎ አለቀሰ።

 ወዲያው ጌታ ራሱ አብሮት በበላ ሰው ተስሞ እንደተሸጠ ትዝ አለው። ይህን መከራ የሚያውቅ ሌላም አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከአጠገቡ አንድ የተቀመጠ ያህል ተሰማው፤ ሳይናገር፣ ሳይቸኩል አብሮት የሚያመሽ። እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ በስንጥቁ ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ተከትሎ በእንብርክኩ ወጣ።

ዘምራን ሲደርስ ከተማው በርቷል። በአደባባዩ ላይ፣ በዙፋኑ ፊት፣ ቤርሳ ካባ ደርቦ፣ ጥላ ተይዞለት ይፎክራል፦ ገደሉን እንዴት እንደወረደ፣ ዕንቁውን ከጉያ እንዴት እንደነጠቀ። ዮቅጣን ከሕዝቡ መካከል ጮኸ፦

«ውሸት ነው! የእኔ ነው!»

የተቃጠለውን ፊት ማን ይለየው? «ምቀኛ አታሳጣኝ ያለው ወዶ መሰላችሁ!» ብለው ሳቁበት። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠርጉት እማሆይ ስምረተ ብቻ እጁን ይዘው ወደ ጎጇቸው ወሰዱት፤ ቁስሉንም አጠቡለት።

«እማሆይ፣ ያ ካባ የእኔ ነበር።»

«አውቄሃለሁ ልጄ። ይሄ የምድጃ እሳት አይደለም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ብጮህ የኔን የአሮጊቷን ማን ይሰማል? አንተ ለጌታ ንገረው። ቅናትህንም አትደብቀው፤ እሱ እንደሆነ አይደነግጥ።»

ዮቅጣንም ተንበርክኮ፣ «ጌታ ሆይ፣ የቤርሳን አንገት ቆልምምልኝ» ብሎ ጸለየ። እማሆይ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ግዴለም፣ ሲጀመር እንዲህ ነው» አሉት።

መኸር ሲገባ ጽልሙት በከተማይቱ በር ላይ ክንፉን ዘረጋ።

«ዕንቁዬን በመንጠቅ የፎከረውን ስጡኝ! እርሱን ካገኘሁ ዳግመኛ ላልመጣ ምያለሁ። ከከለከላችሁኝ ሁላችሁም አመድ ትሆናላችሁ!»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቤርሳ ዞረ። ዮቅጣን ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል! ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ ይባል የለ? ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

 የቤርሳን ድግስ የበሉ ሁሉ አንድ በአንድ ከአጠገቡ ሸሹ፤ ጥላ የያዘለትም ጥላውን ጥሎ ሄደ። በባዶ አደባባይ መካከል ብቻውን ቀረ። ዮቅጣን የቤርሳን ዓይን አየው። ቤርሳም የወደቀበት ያው ገደል መሆኑን ወዲያው አወቀ። ልዩነቱ፣ ዮቅጣን እዚያ ውስጥ አንድ አብሮት የተቀመጠ ነበረው፤ ቤርሳ ግን ማንም የለውም። ደስታው አፉ ውስጥ መረረው።

ሕዝቡን ገፍቶ ወጣ። «ፉከራው የእኔ ነው!»

«ይሄ ቅናተኛ ሞትም ያስቀናዋል?» አለ አንዱ።

ንጉሡ ወደ ቤርሳ ዘወር አሉ። «እውነት ነው?»

ቤርሳ የተቃጠለውን ፊት ተመለከተ። «እውነት ነው ጃንሆይ። ፉከራውን መልሻለሁ። ገመዱን እኔ ቆረጥሁ።» ወደ ዮቅጣን ዞረ። «ሁልጊዜ ከእኔ ይልቅ ትደፍር ነበር ዮቅጣን። ቀናሁብህ።»

«በእኔ?» አለ ዮቅጣን። ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀናበት የኖረው ሰው! ቀርቦ ትከሻውን ያዘው። «ይቅር ብዬሃለሁ። እማሆይ ጋ ሂድ፤ ያስተምሩሃል።»

ከዚያ በሩን አስከፈተ፤ በአውሬው ፊት ቆሞም ፎከረ፦

«ዘራፍ! የሙት ልጅ ዮቅጣን፣
ከጽልሙት ጉያ የነጠቀ ብርሃን፤
ገመዱ ተቆርጦ ጥልቁ ሲዘጋበት፣
ሰው ሁሉ ሲከዳው ክርስቶስ ደረሰለት!»

ጽልሙት ክንፉን አጠፈ። መሐላው አሥሮታልና ከተማይቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ምርኮኛውን ከፊቱ እየነዳ ወደ ገደሉ አቀና። ከዚያች ቀን ወዲህ በዘምራን ፀሐይ በቀትር አርጅታ አታውቅም።

ሕዝቡ በቅጥሩ ላይ ወጥቶ፣ «ዮቅጣን! ዮቅጣን!» እያለ እየጮኸ አለቀሰ። ቤርሳ ከሁሉም ይልቅ ጮኸ። ዮቅጣን ግን ዞር አላለም። በስተቀኙ ማንም አይታይም ነበር፤ እርሱ ግን ወደዚያው ዘንበል ብሎ በዝግታ ያወራ ነበርና ስሙ ሲጠራ አልሰማም።