እቴጌን ወደ ባሕር

«እቴጌን ሸጥኳት» አሉ አባቷ፣ ኮፍያቸውን ምስማሩ ላይ እየሰቀሉ።

ሚጡ የስፌት ማሽኗን ቀጥ አደረገች። የሙሽራ ቀሚስ በመስፋት በሰፈሩ ስሟ የተነሣ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ለአባቷ ግን ዛሬም ሚጡ ናት። እቴጌ ደግሞ መኪናቸው ናት። ሰማያዊ፣ ዐይኖቿ ክብ፣ ኒኬሏ ፊት የሚያሳይ፣ በዕድሜ ለሚጡ ታላቅ እህት የምትሆን የዱሮ መኪና። ሚጡ ተወልዳ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባችው በእሷ ነው። መንዳት የተማረችውም በእሷ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ደግሞ አባትና ልጅ የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉት ኮፈኗን ከፍተው እጃቸውን በቅባት ሲያጨማልቁ ነበር።

«ለማን ነው የሸጥካት?»

«ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ ባሕሩ አጠገብ ሆቴል ላለው ሰው። ነገ ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ይወስዳታል።»

«ሳትነግረኝ፣ አባዬ?»

«ብነግርሽ ታስሸጪኝ ነበር?»

ሚጡ ማሽኗን መልሳ አስነሣች።

በማግስቱ የመጣው ሰው ቀጭን፣ መለሎ፣ ከሻንጣው አፍ የመጥበሻ እጀታ ብቅ ያለበት ወጣት ነበር። የወንድሙ ሆቴል ሼፍ እሱ ነው። ሚጡ ገና ሳታየው ልትጠላው ቆርጣ ስለነበር በሩን የከፈተችለት ፊቷን አጨማድዳ ነው።

«መጥበሻ ተሸክመህ ነው መንገድ የምትወጣው?»

«በሰው መጥበሻ አላምንም» አላት፣ ቀልዱ ይሁን ቁም ነገሩ ሳይለይ።

የመኪናዋን ቁልፍ ተቀብሎ ገባ። የእቴጌ ማርሽ እንደዛሬዎቹ መኪኖች መሃል ላይ ሳይሆን መሪው ሥር ነው። ሼፉ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ እቴጌም እንደ እንቁራሪት አንዴ ዘልላ ሞተሯ ቀጥ አለ። እንደገና አስነሣት። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ የጎረቤት የልብስ ገመድ በጠሰችና የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንሶላ እንደ ሙሽራ ተከናንባ ቆመች።

«የኔ ልጅ» አሉት አባቷ፣ «በዚህ አነዳድህ ባሕሩ ጋ የሚደርሰው መሪዋ ብቻ ነው።»

ሚጡ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም። ሼፉ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ አንሶላውን ከፊቱ ላይ እየገፈፈ ቀና ብሎ አያት።

«ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የመጥላቱ ነገር እንደማይሳካላት የጠረጠረችው።

«ሚጡ ትነዳለች» ብለው ቈረጡ አባቷ። «እኔ ዐይኔ ደክሟል፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። አንተ መንገድ ላይ ትማራለህ።»

«ሥራዬስ?»

«የሙሽሮችሽ ቀን ገና ነው። ጠይቄያቸዋለሁ።»

መቼ ጠየቅሃቸው ልትል አሰበችና ተወችው።

ከተማውን እንደለቀቁ መንገዱ ተዘረጋ። መስኮቶቹን እስከ ታች ዝቅ አደረጉ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲያልፏቸው ጡሩምባ እየነፉ እቴጌን ሰላም ይሏታል። ነዳጅ ማደያ ላይ አንድ ሽማግሌ ኮፈኗን እየዳበሱ «እንዲህ ያለች ነበረችኝ» ብለው እንባ አቀረሩ። ሚጡ እስከዚያ ቀን ድረስ ከከተማዋ ዳርቻ አልፋ ነድታ አታውቅም ነበርና፣ እያንዳንዱ ኩርባ ሲገለጥ እንደ ሕፃን «እዩት! እዩት!» ትላለች። ሼፉ ግን የሚያየው ኩርባውን አልነበረም።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ቦታ ተቀያየሩ። ሼፉ መሪውን ጨበጠ፣ ማርሹን ታገለው፣ ማርሹ ተንቋቋ።

«አትታገላት» አለች እጇን እጁ ላይ ጭና። «እሺ እስክትልህ ለምናት። ቀስ… አሁን።»

ማርሹ ቅቤ ላይ እንዳለፈ ቢላ ገባ። ሚጡ እጇን ወዲያው አላነሣችም። እሱም አላስታወሳትም። መኪናዋ ብዙ ከሄደች በኋላ ከኋላ ወንበር የተኙ የመሰሉት አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማርሹ ገብቷል መሰለኝ።»

ሚጡ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች፤ ሼፉ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ምሳቸውን የሚበሉት ባገኙት ጥላ ሥር ነበር። ሼፉ ትንሿን የጋዝ ምድጃ ያወጣና ከመንገድ ዳር የገዛውን ቲማቲምና ሽንኩርት ከእንቁላል ጋር ይሠራዋል። ሚጡ የመጀመሪያውን ቀን አንድም ቃል ሳትናገር በላች። ሳህኗን በዳቦ ጠርጋ ስታበቃ ብቻ፣

«በሰው መጥበሻ አለማመንህ ገባኝ» አለችው።

ከምድራዊ ምስጋና ሁሉ ይህን የመረጠ ይመስል ፊቱ በራ።

አባቷ ጥላው ሥር ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ሲጋደሙ፣ ሁለቱ ዕቃ እያጠቡ ይጫወታሉ። እሱ ልጅ ሆኖ ከእናቱ እግር ሥር ሆኖ ሽንኩርት ሲልጥ እንዳደገ፣ ወንድሙ እንደ አባት እንዳሳደገው፣ እስከዛሬም «እሺ» እንጂ «እምቢ» ብሎት እንደማያውቅ ነገራት። እሷም ስለ ሙሽሮቿ ነገረችው፤ ስለምታለቅሰዋ፣ በየሳምንቱ ስለምትወፍረዋ፣ ሙሽራውን ትታ በልኬቱ ቀን ስለጠፋችው።

«ለሰው ብቻ ስትሰፊ አይከፋሽም?»

«ለራሴማ ማን ጊዜ አለው!»

«የእውነቴን ነው።»

ሚጡ ያጠበችውን ብርጭቆ እንደገና አጠበች።

«የጠየቁኝ ነበሩ። አባዬን ለማን ትቼ?»

ሼፉ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብሎ ማድረቅ ጀመረ። ዝምታው አልከበዳትም፤ እንዲያውም ማንም እንዲህ አድርጎ ዝም ብሎላት እንደማያውቅ ተሰማት።

ተራራውን ሲወጡ እቴጌ አኮረፈች። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተንፎለፎለ። ሚጡ ወርዳ ከፈተችውና የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ መሰንጠቁን አየች። ብረቱ እስኪበርድ ጠብቃ፣

«ጠንካራ ጨርቅ ስጡኝ» አለች።

ሼፉ ከሻንጣው ነጭ ሽርጡን አወጣ። ታጥፎ የተቀመጠ፣ ካውያ ያረፈበት ነው።

«ይሄን? ይሄማ የሥራ ልብስህ ነው!»

«ቅደጂው።»

ረዘም ረዘም አድርጋ ተረተረችው፣ ቱቦውን እየጠመጠመች አጥብቃ አሰረችው፣ ጫፉንም መርፌ አውጥታ ሰፋችው። ውኃ ሞሉባትና እቴጌ ተነሣች። የተራራው ጫፍ ላይ ሲወጡ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «እልል!» አሉ፤ የአባቷ እልልታ ከሁሉም በለጠ። ሚጡ ወደ ሼፉ ዞር ስትል ፊቱ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ይስቃል። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ጉንጩን ልትጠርግለት ጀመረችና፣ መሃል ላይ ምን እያደረገች እንደሆነ ትዝ ሲላት እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ጨርሺው እንጂ» አላት በለሆሳስ።

ጨረሰችው።

ክፉ ነገር የመጣው ቁልቁለቱን ከጨረሱ በኋላ ነው። ሼፉ እየነዳ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ ነው። እባክሽ አንሺልኝ፣ እየነዳሁ ነው በይው።»

አነሣችው። ሰውየው ሃሎ እስክትል አልጠበቀም።

«የት ደረስክ? መኪናዋ እንድትገባ የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ አፍርሼ እየጠበቅሁህ ነው! መካኒኩም ተዘጋጅቷል። ሞተሯን ያወጣዋል፣ ኮፈኗ ውስጥ አፈር ሞልተን አበባ እንተክልበታለን። ሰው ሲገባ ፎቶ ይነሣባታል። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ» ብላ ዘጋችው።

«ምን አለ?»

«አቁም።»

ዳር ይዞ አቆመ። ሚጡ ወርዳ ሜዳው ውስጥ ገባች። እሱም ተከተላት።

«ሞተሯን አውጥታችሁ አበባ ልትተክሉባት እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «አውቅ ነበር።»

«እኔ ማርሽ ሳስተምርህ? ቱቦዋን በሽርጥህ ስጠመጥምልህ?»

«ስመጣ ለኔ ብረት ነበረች፣ ሚጡ። ከዚያ በየቆምንበት ልነግርሽ እነሣለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም ይቺን ሳቅማ አላጠፋም እያልኩ እተዋለሁ። ፈሪ ነኝ።»

«አባዬ ይህን ቢሰማ ልቡ ይሰነጠቃል!»

«አልተሰነጠቀም» የሚል ድምፅ ከመኪናዋ መስኮት መጣ። አባቷ ክንዳቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ያዩዋቸዋል። «ሰውየው ገና ሲገዛት ነግሮኛል።»

ሚጡ ክው አለች። «ታዲያ እንዴት ሸጥክለት?»

«ሌላ የሚገዛ አጥቼ መሰለሽ? ከሁሉም ሩቅ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ጎረቤት ብሸጣት በየሳምንቱ ሄደሽ ዘይቷን ልታዪ ነው። መኪና ናት፣ ልጄ። እኔ የምወዳት እናትሽን ስላሳፈርኩባት ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም መፍቻ ይዞ መጥቶ አያወጣብኝም። ያቃተኝ አንቺ ከእኔና ከእሷ ጋር ጋራዥ ውስጥ ስታረጂ ማየት ነው። ‹አባዬን ለማን ትቼ› አልሽ አይደል?»

«ተኝተህ አልነበር እንዴ!»

«እኔ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ቀን ተኝቼ አላውቅም። ማን ያስተኛኛል፣ እናንተ እንዲህ ስታወሩ?»

ሚጡ መሳቅም ማልቀስም አማራትና ሁለቱንም አደረገች። ከዚያ ሁለቱንም ተቆጣቻቸው። አንዱን ዋሾ፣ አንዱን ተንኮለኛ አለቻቸው። ቁልፉን ነጥቃ መሪው ኋላ ተቀመጠችና እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ነዳች።

እዚያ ሲደርሱ ሼፉ ወረደና፣ እሷ እንድትሰማ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ወንድሙ ጋ ደወለ።

«ሰማኸኝ? እንደ አባት አሳድገኸኛል፣ እምቢ ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ግን እምቢ። ይቺ መኪና ሕያው ናት። ሞተሯን ካወጣህ ሾርባህን ራስህ ሥራው።» ትንሽ አዳመጠ። «አዎ፣ አብጃለሁ።» አሁንም አዳመጠ። «አዎ፣ ሴት አለችበት።»

ስልኩን ዘጋ። ሚጡ ወደ ፊት እያየች የጎኑን በር ከፈተችለት።

«ግባ። ባሕሩ አልመጣም።»

ባሕሩ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ቀጭን ክር፣ ከዚያ እንደተዘረጋ ሐር። ሆቴሉ በር ላይ የሼፉ ወንድም፣ ሆዱ ከክራቫቱ የቀደመ ግዙፍ ሰው፣ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ከጎኑ መካኒኩ፣ ከኋላው የፈረሰው ግድግዳ። ሼፉ አፉን ሊከፍት ሲል ሚጡ ቀደመችው።

«ይግቡ» አለችው ሰውየውን። «አንድ ጊዜ ላሽከርክርዎት። ከዚያ ሞተሯን ማውጣት ከፈለጉ መፍቻውን የማቀብለው እኔ ነኝ።»

ሰውየው ወንድሙን ገላመጠና ገባ፤ እቴጌ በአንድ ጎኗ አዘነበለች። በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ላይ ሚጡ ማርሹን ቀያየረች፣ ነፋሱ በመስኮት ገባ፣ በየበረንዳው የተቀመጡ ሰዎች ብድግ እያሉ አጨበጨቡ። ሰውየው መጀመሪያ በሩን አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ክራቫቱን ፈታው። ከዚያ ጡሩምባዋን ለመንካት ፈቃድ ጠየቀ። ሲመለሱ እየነፋ ነበር የመጡት።

«ግንበኛውን ጥሩልኝ» አለ ገና ሳይወርድ፣ ላቡን እየጠረገ። «ግድግዳውን መልሶ ይገንባው።»

አባቷ ባሕሩን አይተው፣ ዓሣውን በልተው፣ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ከጠገቡ በኋላ የአውቶቡስ ትኬት ቈረጡ። ለአንድ ሰው ብቻ።

«እኔስ?» አለች ሚጡ መናኸሪያው ውስጥ።

«አንቺ የራስሽን ትቈርጫለሽ። ስትፈልጊ፤ ካልፈለግሽም አትቈርጪም። ለኔ እህቴ አለችልኝ፣ ካርታ የሚጫወቱ ጓደኞች አሉልኝ። ስልክ ደግሞ አለ።» ግንባሯን ሳሟት። ሼፉንም ወደ እሳቸው ስበው ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾኩለት፤ ሼፉ ሳቀ።

አውቶቡሱ ከዐይን ሲሰወር ሚጡና ሼፉ ወደ ባሕሩ ወረዱ፤ ጫማቸውን አውልቀው በእርጥቡ አሸዋ ላይ ተራመዱ።

«አባዬ ምን አለህ?»

«‹ይህን ሁሉ መንገድ የተኛሁ መስዬ የመጣሁት በከንቱ እንዳይሆን› አሉኝ።»

ሚጡ ሳቋ አመለጣት። እሱ ቆመ። እሷም ቆመች። እጇን በእጁ ያዘ።

«ቅሪ» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እስክሰለችሽ።»

ሚጡ ባሕሩን አየች፣ እሱን አየች።

«እንግዲያውስ ብዙ መጠበቅህ ነው።»

የሠርጓን ቀሚስ ራሷ ሰፋችው፣ የሆቴሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱን ለባሕሩ ነፋስ ከፍታ። ስትሰፋም እንደ ሙሽሮቿ አለቀሰች፣ እንደ ሙሽሮቿም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ሼፉ ዛሬም ድረስ አልሰለቻትም።