ውሃ ላይ ስም አይጠራም

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምሐ እንደሚለው፣ ታንኳ ሠሪው ሳሊህ ሁለት ፀረ አብዮተኞችን በእኩለ ሌሊት አሳፍሮ፣ ማንነታቸውን እያወቀ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አሻግሯል። የሳሊህ ባለቤት እትዬ መዲና እንደሚሉት ግን ባላቸው ከቤት የወጡት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዓሣ ሊያጠምዱ፤ ታንኳቸውም ከመረብ በቀር ምንም አልጫነም።

አደይ ሁለቱም ትክክል እንዳልሆኑ ታውቃለች። ታንኳው ላይ ነበረች።

ይህን ግን እስካሁን ማንም አልጠየቃትም። አሁን የምትጠየቀው ሌላ ነገር ነው።

«እንደገና!» አለ ጓድ አምሐ።

ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች። የቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር እስከ አጋማሹ ድረስ ታበራለች።

«ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝና ለዚህ ያበቃኝ አብዮቱ ነው» አለች አደይ።

«ድምፅሽ የታለ? ነገ በሽኝታችሁ አዳራሹ በሰው ይሞላል እኮ! ለቅሶ ልትደርሺ የመጣሽ አስመሰልሽው።»

ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜም አስደገማት። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ከፊቱ የነበረውን የራሱን ሻይ ወደ እሷ ገፋው። ጓድ አምሐ ክፉ ሰው አልነበረም። ለኩባ የትምህርት ዕድል የተመረጡት ልጆች ስም ሲታይ «የቄስ ልጅ ናት፣ ትቅር» ያሉ ሰዎች ነበሩ። «አባቷ ሞቷል፤ እሷ የደሃ ልጅ ናት፤ በትምህርቷም አንደኛ ናት» ብሎ የተሟገተላት እሱ ነው። አደይ ይህን አልረሳችም። ፍርሃቷን የሚያከብደውም አንዱ ይኸው ነበር።

«ሳሊህ ቤት ነበር የምትኖሪው፤ አይደል?»

«እዚያው ነኝ» አለች።

«ነበርኩ በይ። ማክሰኞ አዲስ አበባ ትሄጂያለሽ፣ ከዚያ አውሮፕላን ነው። ነገ መድረኩ ላይ የሱ ስም ከአፍሽ እንዳይወጣ። ለራስሽ ብዬ ነው። ሳሊህ ሰኞ ይዛወራል።»

አደይ ሻዩን አልነካችውም። «ይዛወራል» የሚለውን ቃል ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የተዛወረ ሰው ቤተሰብ በማግስቱ ስንቅ ይዞ ሲሄድ፣ ዘበኛው አገልግሉን አይቀበልም።

«ያሻገራቸው ልጆች ዘጌ ላይ ተይዘዋል» ቀጠለ ጓድ አምሐ። «ታንኳው ላይ አንዲት ልጅ ነበረች ብለዋል። ማን ናት ሲባል ሳሊህ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ውሃ ላይ ስም አንጠራም!›» ጠረጴዛውን መታና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «በዚያ ሰዓት ለምን ወጣህ? ዝም። ማንን ጫንክ? አላውቅም። እንደዚህ የሚቀልድን ሰው ማን ይረዳዋል?»

 አደይ ግን ጋሼ ሳሊህ አለመቀለዳቸውን ታውቃለች።

ጋሼ ሳሊህም፣ አባታቸውም፣ የአባታቸው አባትም እንዲህ ነበሩ። ታንኳው ከዳር ከተላቀቀ በኋላ መሬት እስኪረገጥ ድረስ የሰው ስም አይጠራም፣ አይጠየቅም። ሐይቁ ስም ከሰማ ባለቤቱን ይፈልጋል ይላሉ የድሮዎቹ። ጋሼ ሳሊህ በዚህ ያምኑ አያምኑ እንደሆነ አደይ አታውቅም፤ ግን ጥሰውት አያውቁም። የገዛ ልጃቸውን ሸሪፋን እንኳ ውሃ ላይ «አንች መንገደኛ» ነው የሚሏት። አንዴ ሸሪፋ ልታበሽቃቸው ብላ መሀል ሐይቅ ላይ «ሳሊህ! ሳሊህ!» እያለች ስትጮህ፣ ሰውየው በመቅዘፊያቸው ውሃ ረጭተው ከራስ እስከ እግሯ አርሰዋታል።

አደይ ከቢሮው ወጥታ በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ሄደች። አንድ ሰው ከኋላዋ የሚከተላት እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞረች። የመጀመሪያው በሬ የሚነዳ ሰው ነበር። በሁለተኛው ማንም አልነበረም።

ሸሪፋን ያገኘቻት ውሃው ዳር ከበቀለው ረጅም ሣር፣ ከደንገሉ አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር ነው። ብቻዋን ከአባቷ ታንኳ ጋር ትታገላለች። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ የጠጣው ውሃ ያበሰብሰዋል። ጋሼ ሳሊህ የተያዙት ታንኳቸውን ሊያቆሙ ጎንበስ እንዳሉ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሆዱ ጠቁሯል፤ ይሸታል።

«ምን ታዪኛለሽ? ያዥው እንጅ!» አለች ሸሪፋ። «የኩባ ሰው ሆንሁ ብለሽ ነው?»

አደይ ጫፉን ያዘች። እንደ ሰው ሬሳ ይከብዳል። ተጋግዘው ከዋርካው ግንድ ጋር አስደገፉትና ሁለቱም እያለከለኩ ሥሩ ተቀመጡ።

«ሰኞ ይዛወራሉ አለኝ» አለች አደይ።

 ሸሪፋ እጇ ላይ የቀረውን የደንገል ቃጫ አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር።

«ሸሪፋ፣ ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ። ጠዋት እናቴ ስንቅ ይዛ ሄዳ ከአጥሩ ማዶ አይታዋለች። ፊቱ አብጧል። ታውቂያለሽ ምን እንዳላት? ደህና ናችሁ ወይ እንኳ አላለም። ‹መንገደኛዋ ሄደች ወይ?› ብቻ!» ሸሪፋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አባቴ ገና ውሃ ላይ ነው ያለ።»

አደይ ያን ማለዳ አሰበች። ዘጌ ያሉት እናቷ እናትዓለም በጠና መታመማቸውን የነገራት አንድ እንጨት ነጋዴ ነው። ጋሼ ሳሊህ እስኪነጋ አልጠበቁም። «እናት ታማ ፀሐይ አይጠበቅም» ብለው ታንኳውን ገፉ። እዚሁ ደንገሉ ጋ ሁለት ወጣቶች አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው ቆመው ነበር። «አባት፣ ዘጌ ያድርሱን» አሉ። ጋሼ ሳሊህ ያሏቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጭቃውን ከእግራችሁ ታጠቡና ግቡ።» ታናሽየው መንገዱን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። አደይ ለመንገድ የያዘችውን ቆሎ አካፈለችው። ስሙን አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ጋሼ ሳሊህ እሷን እናቷ ዘንድ ትተው ብቻቸውን ተመለሱ፤ እሷ የመጣችው እናቷ ሲሻላቸው ነው።

«ጋሼ ሳሊህ ለእኔ እንደወጡ ብናገር፣ ልጆቹንም እንደማያውቋቸው...»

«አንችንስ ምን ይሉሻል? ከእነሱ ጋር አንድ ታንኳ ላይ ነበርሽ እኮ» አለች ሸሪፋ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ተናገሪ አልልሽም። ቢያስሩሽ ምን ይውጠኛል? አትናገሪ ደግሞ እንዴት ልበልሽ? አባቴ ነው። እኔን አትጠይቂኝ፤ እባክሽን አትጠይቂኝ።»

ማታ እትዬ መዲና ለአደይ ሽሮ ሠሩላት፤ በትንሿ ጥቁር ድስት። አደይ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ለትምህርት ከዘጌ ስትመጣ ያቺ ድስት ከገበያ ተገዛች። ሥጋ ገብቶባት አያውቅም፤ የዚህ ቤት ቢላዋም አይነካትም። «የክርስቲያን ልጅ በአደራ ተቀብለን ጾሟን ብናስገድፋት አባቷ ከመቃብሩ ይታዘበናል» ይሉ ነበር እትዬ መዲና። መምህር መርስዔ ኀዘን፣ ቄሱ የአደይ አባት፣ በሕይወት ሳሉ ከዘጌ ባሕር ዳር የሚመላለሱት በጋሼ ሳሊህ ታንኳ ነበር። ሲሞቱ፣ ከሐይቁ ማዶ መጥተው «ልጅቱን እኔ አስተምራለሁ» ያሉት ባለ ታንኳው ናቸው። ለደብተሯ፣ ለጫማዋ፣ ለዩኒፎርሟ የወጣው ሁሉ ከዓሣና ከታንኳ የተገኘ ነው።

«ብዪ እንጅ ልጄ» አሉ እትዬ መዲና።

«እትዬ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው የወጡት ብለው ለምን ነገሯቸው?»

ሴትዮዋ ምድጃውን በእንጨት ቆሰቆሱ። «ሌላ ምን ልበል? አንችን ልስጣቸው? እሱ እንኳ አሳልፎ ያልሰጠሽን?»

«እኔ እኮ...»

«ዝም በይ። ብዪና ተኚ። ማክሰኞ ሂጅ። አሏህ ያውቃል።» 

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ለኩባ የተመረጡት ልጆች ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከአደይ አጠገብ ያለው አካሉ፣ የክፍላቸው ቀልደኛ፣ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ መጥቷል።

«ኩባ ሸንኮራ ብቻ ነው አሉ» አላት በጆሮዋ። «አራዳ ነኝ ያለ ጥርሱን ይጠብቅ።»

አልሳቀችም። ትክ ብሎ አያት። «ምነው? አመድ መሰልሽ እኮ።»

«ደህና ነኝ።»

አካሉ ተጠርቶ ወጣ። የተሰጠውን ቃል ሳይስት፣ በቡጢው አየሩን እየመታ ተናገረ፤ ጭብጨባውም ጣሪያውን አናወጠው። ሲመለስ ግን እጁ በላብ ርሶ ነበር። እሱም ፈርቷል ማለት ነው፤ አደይ እስካሁን ብቻዋን የምትፈራ መስሏት ነበር።

ቀጥሎ ስሟ ተጠራ።

ወደ መድረኩ ወጣች። ከላይ ሆና አዳራሹን አየች። ጓድ አምሐ ከጎን ባለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ራሱን ነቅንቆ አበረታታት። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እትዬ መዲና አገልግላቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ተነሥተው ስንቅ ሊያደርሱ ነው። ከአጠገባቸው ሸሪፋ አንገቷን ደፍታለች።

ለጓድ አምሐ ቢሮው ውስጥ ብትነግረው ቃሏ ከዚያች ክፍል ላይወጣ ይችላል። እዚህ ግን ይህ ሁሉ ሰው ይሰማል። ይህን ያሰበችው ሌሊቱን ሙሉ ነው። አሁን ግን ያሰበችው ሁሉ ከራሷ ውስጥ ጠፍቷል። ያጠናችው ቃል ከምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ማለት ብቻ ነው፤ ብላ መውረድ።

«ያሳደገኝ...» አለችና ቆመች።

አዳራሹ ጠበቃት። አንድ ሕፃን አስነጠሰ።

«ያስተማሩኝን ላመሰግን ነው የቆምሁት» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ጓድ አምሐን አመሰግናለሁ። ስሜ እንዳይሰረዝ የተሟገቱልኝ እሳቸው ናቸው።»

ጓድ አምሐ አልጠበቀውም፤ ፈገግ አለ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ።

«እትዬ መዲናን አመሰግናለሁ። ለእኔ ብቻ ብለው ድስት የገዙልኝ ናቸው። ባለቤታቸውን ጋሼ ሳሊህን አመሰግናለሁ።»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከበሩ በኩል የእትዬ መዲና ድምፅ ተሰማ፤ «ተይ ልጄ!»

«አደይ፣ ይበቃል» አለ ጓድ አምሐ፤ ተነሥቶ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ እሱም የደነገጠ ይመስላል። «ተቀመጪ።»

ልትቀመጥ ፈለገች። ግን ባለችበት ቆማ የመድረኩን ጠረጴዛ ጠርዝ ጨበጠች።

«ጋሼ ሳሊህ ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ የወጡት ለእኔ ነው። እናቴ ታማብኝ ነበር። ልጆቹን ከደንገሉ ዳር አገኘናቸው፤ ማን እንደሆኑ አናውቅም። እሳቸው አልጠየቁም። ውሃ ላይ ስም አይጠይቁም፤ የእኔንም አልጠሩም፤ እስከ ዛሬም አልጠሩም።»

ጓድ አምሐ ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረ። አደይ ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሣችም። ሸሪፋ ቀና ብላለች።

«ታንኳው ላይ የነበረችው ልጅ እኔ ነኝ» አለች። «ስሜ አደይ መርስዔ ኀዘን ነው። ለሚመለከተው ሁሉ ቃሌን እሰጣለሁ። ጋሼ ሳሊህ ቤታቸው ሳይገቡ ኩባ አልሄድም።»